«ነገ እነግራችኋለሁ»፦ የአጭር ፊልም የሥራ ማስታወሻ

መስከረም፦ ሐሳቡ

መቅደስ 19 ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ አላለፈችም። እናቷ ዘነበች እንጀራ ጋግራ ለሰፈር ሱቆች ታስረክባለች። ጎረቤታቸው አስቴር ሳውዲ ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት፤ «ልጅቷን ለእኔ ተዪልኝ፣ ሁሉንም አስጨርስላታለሁ» ትላለች። ትሂድ ወይስ ትቅር? ፊልሙ ይሄ ነው። ርዝመቱ ከ15 ደቂቃ አያልፍም።

መቅደስን ሰነፍ ተማሪ ላደርጋት አልፈለግኩም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ የሚያመጣው ተማሪ ጥቂት ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነው ያለፈው። ስለዚህ መቅደስ እንደ አብዛኛው ልጅ ናት። ይሄ ለትወናውም ይረዳል። ውጤቷን ስታይ አትጮህም፣ አታለቅስም። ስልኩን ገልብጣ ታስቀምጣለች፤ ሊጥ ታማስላለች። የቅርብ ጓደኛዋ ሪሚዲያል (ላላለፉ ተማሪዎች የሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት) ደርሷታል። መቅደስ እሱም አልደረሳትም።

ስክሪፕት ከመጀመሬ በፊት ከሳውዲ፣ ከቤይሩትና ከኩዌት የተመለሱ ሴቶችን አናገርኩ። ድምፅ አልቀዳሁም፣ ስምም አልያዝኩም፤ ደብተር ብቻ። ለሁሉም ያነሳሁት ጥያቄ ተመሳሳይ ነበር፦ ለመሄድ የወሰንሽው መቼ ነው? ቀኑን የነገረችኝ የለችም። አንዷ ፓስፖርት ስላወጣችበት ጠዋት አወራችኝ። ሌላዋ ስለ ሕክምና ምርመራው። ሌላዋ ደግሞ ዕቁብ ስለወጣላት እናቷ። ከመካከላቸው አንዷ እሺ ሳትል ሻንጣው እንደተገዛ ነገረችኝ። በየመሃሉ ብር እየወጣ ነው። ብር ከወጣ በኋላ «ተውኩት» ማለት ይከብዳል።

የፊልሙን አከርካሪ ያገኘሁት እዚያ ነው። ውሳኔው በአንድ ትዕይንት ውስጥ የለም። ተቆራርጦ ነው የሚከፈለው፤ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ። መቅደስ በተጠየቀች ቁጥር «ነገ እነግራችኋለሁ» ትላለች። ነገሩ ግን እሷ ሳትናገር ወደፊት ይሄዳል።

ጥቅምት፦ ስክሪፕት

የመጀመሪያው ረቂቅ 22 ገጽ ሆነ። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ቢያንስ ሰባት ገጽ መውጣት ነበረበት።

መጀመሪያ የወጣው የኤርፖርቱ ትዕይንት ነው። እዚያ ለመቅረጽ ፈቃድ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከዚያ በላይ ግን ኤርፖርት ከገባን ተመልካቹ መልሱን አገኘ ማለት ነው፤ ሄደች። የበረሃው ሕልምም ወጣ። ስለ ስደት የተሠሩ ብዙ ድራማዎች የሚጀምሩት ከበረሃው ወይም ከጀልባው ነው። መከራው እውነት ነው፤ መነገርም አለበት። ግን የመንገዱን መከራ ሰፈር ውስጥ የማያውቅ ልጅ የለም። እያወቀ ለምን ያስባል? ማሳየት የምፈልገው ያንን ነው።

ቀጥሎ የወጣው የመቅደስ የውስጥ ድምፅ ነው። በረቂቁ ውስጥ ሐሳቧን በትረካ ታሰማን ነበር። ጮክ ብሎ ሲነበብ ትክክል አልመጣም። ሐሳቧን በዚያ ልክ አሳምራ መናገር የምትችል ልጅ ውሳኔዋን ይዛዋለች። የእኛዋ አልያዘችውም።

ታዲያ ማሰብን እንዴት ነው የሚቀርጹት? የመጣልኝ መልስ እጅ ነው። እያንዳንዱ ትዕይንት የሚያልቀው አንድ ነገር ሲከፈል፣ ሲገዛ ወይም ሲፈረም ነው። የፎቶ ዋጋ። የዕቁብ ብር። የምርመራ ቀጠሮ። ሻንጣ። መቅደስ ዝም ባለች ቁጥር የሌላ ሰው እጅ ይንቀሳቀሳል።

አስቴር ብዙ ጊዜ ወሰደችብኝ። በረቂቁ ደላላ ነበረች፤ ወርቅ ያደረገች፣ ስልኳ የማያርፍ። ያነጋገርኳቸው ሴቶች ግን መንገዱን ያሳያቸው ሰው አክስት ወይም ጎረቤት፣ የሚያምኑት ሰው ነው። ስለዚህ ታሪኳን ቀየርኩት። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታስወጣ ከተመለሱት አንዷ አደረግኳት። ሁለት ዓመት ብቻ ብጨምር ኖሮ ቤት እሠራ ነበር ብላ ከልቧ ታምናለች። መቅደስን የምትልካት ያቺን ሁለት ዓመት እንድትጨርስላት ነው። አሁን አስቴር የምትናገረው ሁሉ ለእሷ እውነት ነው። ተመልካቹም በቀላሉ ሊጠላት አይችልም።

ያስቸገረኝ ሌላው ትዕይንት የሕጉ ነው። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትሸፍነው የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና የመሳሰለውን ነው። ዕድሜዋም 18 መሙላት አለበት። ይሄን ማወቅ ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ስለሆነ ፊልሙ ውስጥ እንዲኖር ፈለግኩ። መቅደስ ከስልኳ ላይ እንድታነበው አድርጌ ጻፍኩት፤ ስብሰባ መሰለ። የክፍለ ከተማ ሠራተኛ እንዲያስረዳ አድርጌ ጻፍኩት፤ ባሰ። በመጨረሻ የቀረው ይሄ ብቻ ነው፦

ዘነበች፦ አስቱ፣ ትኬቱን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው አላልሽኝም?
አስቴር፦ እነሱ ናቸው እንጂ።
ዘነበች፦ ታዲያ ይሄ ብር የምን ነው?

አስቴር መልስ አትሰጥም። ቡናዋን ታነሳለች። አዋጁ በሦስት መስመር ገባ።

ጥቅምት መጨረሻ፦ ተዋንያንና ልምምድ

ዘነበችን የምትጫወተው ከቲያትር መድረክ የመጣች ባለሙያ ናት። ድምፅዋ አዳራሽ ለመሙላት የሠለጠነ ስለሆነ ለትንሽ ክፍል በዛ። «ቀንሺ» ማለት አልሠራም። ሲቀንስ ስሜቱም አብሮ ይቀንሳል። ቀጥሎ የሞከርኩት እየጋገረች እንድትናገር ነው። ሊጡ በምጣዱ ላይ እኩል እንዲፈስ ዓይኗ እጇ ላይ መሆን አለበት። ዓይኗ እጇ ላይ ሲሆን ድምፅዋ በራሱ ወረደ። ከዚያ በኋላ ዘነበች እጇ ባዶ የሆነበት ትዕይንት አልጻፍኩም።

መቅደስን የምትጫወተው ልጅ ካሜራ ፊት ቆማ አታውቅም። ስክሪፕቱን በቃሏ እንድትይዝ አላደረግኩም። ሁኔታውን ብቻ ነግሬያት በራሷ አነጋገር እንድትመልስ ጠየቅኳት፤ ከዚያ የሷን አባባል ወደ ስክሪፕቱ አስገባሁ። ለምሳሌ እኔ የጻፍኩት «ጊዜ ስጡኝ» የሚል ነበር። እሷ «ኧረ ቆይ በናትሽ» አለች። ይሄኛው ቀረ።

ከልምምዱ የተገኘው ትልቁ ነገር የእናትየዋ አቋም ነው። ሁለቱን «አሳምኚያት»፣ «እምቢ በያት» ብዬ ለቀቅኳቸው። ቆይተው ዘነበችን የምትጫወተው ስክሪፕቱ ላይ የሌለ ነገር ተናገረች፦ «እኔ ሂጂ አላልኩሽም። ቅሪም አላልኩሽም። ብቻ ፓስፖርቱ ቢኖርሽ ምን ይጎዳል?» የፊልሙ ልብ ይሄ አረፍተ ነገር ነው። በዚያው ቀን ወደ ስክሪፕቱ ገባ፤ ከሱ ቀጥሎ የነበሩትን መስመሮች በሙሉ አወጣኋቸው።

ኅዳር መጀመሪያ፦ ቦታ፣ መሣሪያ፣ ወጪ

ቤቱ ጭቃ ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ መስኮት። ዋናው ክፍል 3 ሜትር በ4 ሜትር ቢሆን ነው። ማድ ቤቱ ጓሮ ነው። ባለቤቶቹ እዚያው ይኖራሉ፤ በቀረጻው ቀናት ወደ ዘመድ ቤት ሄዱልን፤ ኪራይ ከፈልን። ደጅ ለሚቀረጸው ከወረዳ ደብዳቤ ያዝን። ለጎረቤቶችም ቤት ለቤት ሄደን ነገርን። ከደብዳቤው ይልቅ የረዳን ይሄኛው ነው፤ «ድምፅ» ባልን ቁጥር ሰው ቴፑን ይቀንስልን ነበር።

ካሜራው የተከራየነው ሶኒ ሚረርለስ ነው፤ ሌንሶቹ 35 እና 50 ሚሊሜትር። 24 ሚሊሜትር ሞክረን ነበር። ክፍሉን ያሳያል፤ ግን ግድግዳውን ይለጥጠዋል፤ ጠባብነቱ ይጠፋል። ጠባብነቱን እንፈልገዋለን። ስለዚህ ካሜራውን ከበሩ ውጪ አቁመን በ35ቱ ወደ ውስጥ ቀረጽን።

የምንቀርጸው በሰከንድ 25 ፍሬም (አንድ ፍሬም አንድ ምስል ነው)፣ ሸተሩ (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያገኝበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ነው። ምክንያቱ የመብራታችን ኃይል 50 ኸርዝ ስለሆነ ነው። በ24 ፍሬም ስንሞክር ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች ምስሉ ላይ የሚንሸራተት ጥቁር መስመር አመጡ። ወደ 25 ስንቀይር ጠፋ።

ድምፅ፦ አንድ ቡም ማይክ (በረጅም ዘንግ የሚያዝ)፣ ሁለት ላፔል (ልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ)፣ ዙም ሪኮርደር (ድምፅ መቅጃ)። 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት። ከካሜራው ኪራይ ላይ ቀንሰን የድምፅ ባለሙያ ቀጠርን። በጀት ጠባብ ሲሆን መጀመሪያ የሚቀነሰው ድምፅ ነው፤ በኋላ የማይጠገነውም እሱ ነው።

ከጠቅላላው ወጪ ሲሶ ያህሉ ለካሜራ፣ ለሌንስና ለመብራት ኪራይ ሄደ። ሌላ ሲሶ ለምግብና ለትራንስፖርት። የቀረው ለተዋንያን፣ ለድምፅ ባለሙያዋ፣ ለቤቱና ለሃርድ ዲስክ። ሁሉም ከታሰበው በታች ነው የተከፈለው፤ ግን ሁሉም በወረቀት ተፈራርሞ ተከፈለው። ስለ ገንዘብና ስለ ውል የሚያወራ ፊልም እየሠሩ የሰው ድካም በቃል ብቻ መያዝ አይሆንም።

ኅዳር፦ የምጣዱ ቀን

የፊልሙ ዋና ትዕይንት ማድ ቤት ውስጥ ነው። ዘነበች ትጋግራለች፤ መቅደስ እንጀራ ታወጣለች፤ አስቴር በሩ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። አራት ደቂቃ ይፈጃል። ከሁሉም ቀን ያደከመን ይሄ ነው።

የመጀመሪያው ችግር ኃይል ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ተኩል ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ምጣዱ ሲበራ የቤቱ አምፖል ደበዘዘ፤ ቴርሞስታቱ ሲያቋርጥ ደግሞ ደመቀ። በቀረጻ መሃል ብርሃኑ ከፍ ዝቅ ይላል። ለዓይን ብዙም አይታይም፤ ካሜራ ላይ ግን ጎልቶ ይታያል። አምፖሉን አውጥተን በቦታው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኤልኢዲ ሰቀልን፤ ቀለሙን ወደ ቢጫ አደረግነው። ሁለተኛውን ኤልኢዲ ከመስኮቱ ውጪ አቁመን በነጭ ፎም ቦርድ አለዘብነው። ጀነሬተር አልፈለግንም፤ ጩኸቱን የምናርቅበት ግቢ የለም።

ሁለተኛው እንፋሎት ነው። አክምባሎው ሲነሳ እንፋሎቱ በቀጥታ ሌንሱ ላይ መጣ። ጉሙ እስኪጠፋ መጠበቅ አለ። ካሜራውን ወደ ጎን ብናደርገው የዘነበች ፊት ይጠፋል። መፍትሔው ሌንሱን ከቀረጻው በፊት ማሞቅ ሆነ፤ ማድ ቤቱ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ክፍት አድርገን አቆየነው። ሌንሱ እንደ ክፍሉ ሲሞቅ ጉሙ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ እንፋሎቱ ጠቀመን። በጀርባ ብርሃን ሲመታ በሦስቱ ሴቶች መካከል እየገባ ይወጣል። አንዷ ስትናገር ሌላዋ ትጠፋለች።

ሦስተኛው ሊጡ ራሱ ነው። እያንዳንዱ ቴክ (አንዱን ሾት በደገምን ቁጥር) አዲስ እንጀራ ይፈልጋል። ጤፍ ውድ ነው፤ ስለዚህ ለልምምድ ሩዝ የተቀላቀለበት ሊጥ፣ ለቀረጻ ንጹሕ ጤፍ አዘጋጀን። ኃይሉ ሲወርድ ምጣዱ በደንብ አይሞቅም፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም። እንጀራ ሸጣ የምትኖር ሴት እንዲህ ያለ እንጀራ አታስረክብም፤ የኛ ተመልካች ደግሞ ይሄን ወዲያው ያያል። ተዋናይቷ ራሷ «ይሄን ካሜራ ፊት አላወጣም» አለች፤ ልክ ናት። በአካባቢው ሌሎች ምጣዶች የሚያርፉበትን ሰዓት ጠየቅን። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ኃይሉ ይሻላል ተባለ። ዋናውን ቀረጻ ወደዚያ አዛወርነው፤ ዓይኑ ወጣ።

አራተኛው ኮንቲኒዩቲ ነው፤ በአንድ ትዕይንት ውስጥ ያለው ነገር ከሾት ሾት እንዳይለያይ መጠበቅ። ሰፌዱ ላይ የተደረደረው እንጀራ ቁጥር በየሾቱ ይለያያል። ረዳቷ በእያንዳንዱ ቴክ መጀመሪያና መጨረሻ በስልክ ፎቶ አነሳች። ቁልሉ ከፍ ካለ ከላይ እናነሳለን። የተነሳውም አልተጣለም፤ ምሳም እራትም ሆነ፤ የቀረውን ጎረቤት ወሰደ።

ከዚህ ሁሉ ድካም ያልጠበቅነው ነገር ተገኘ። ሊጡ ይፈሳል፣ ዓይን እስኪያወጣ ይጠበቃል፣ ይከደናል፣ ይነሳል። ሁለት ሦስት ደቂቃ። ይሄ ዑደት ለንግግሩ ምት ሰጠው። ሊጥ ሲፈስ ማንም አይናገርም፤ ትኩረት ይፈልጋል። አክምባሎው ሲከደን ሁሉም ለመናገር ጊዜ አላቸው። ስለዚህ ከባዱን ጥያቄ ሁሉ ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ አደረግነው። «ፓስፖርቱ ቢኖርሽ ምን ይጎዳል?» የሚለው እንደተባለ አክምባሎው መነሳት አለበት፤ ካልተነሳ ያርራል። መቅደስ ሳትመልስ እንጀራውን ታወጣለች። ያን ዝምታ በስክሪፕት ልጽፈው አልችልም ነበር።

ታኅሣሥ፦ ደጅና ፎቶ ቤት

ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ጠንክራ የዓይን ጉድጓድ ታጨልማለች። ደጅ የምንቀርጸውን በሁለት ከፈልነው፤ ከጠዋቱ 1 እስከ 3፣ ከዚያ ከ10 በኋላ። ከመጥለቋ በኋላ ያለው ለስላሳ ብርሃን አገራችን ውስጥ አጭር ነው፤ 20 ደቂቃ ያህል። መቅደስና ጓደኛዋ ስለ ሪሚዲያሉ የሚያወሩበትን ትዕይንት ለዚያ ሰዓት አቀድን። አንድ ረጅም ሾት፣ ሳይቆረጥ። ልምምዱን ቀኑን ሙሉ ሠርተን ብርሃኑ ሲመጣ ብቻ ካሜራ አበራን።

መጨረሻው ትዕይንት ፎቶ ቤት ነው። ኤጀንሲዎች ለአሠሪ የሚልኩት ሲቪ ላይ የልጅቷ ሙሉ ቁመና ፎቶ ይኖራል። አስቴር ይዛት ትሄዳለች። ፎቶ አንሺው «ቀና በይ፣ እጅሽን አውርጂ» ይላታል። ፍላሹ ይበራል። ፊልሙ ያልቃል። እሺ አላለችም፤ እምቢም አላለችም፤ ፎቶው ግን ተነሳ።

ፍላሹ አስቸገረን። የካሜራው ሴንሰር ምስሉን መስመር በመስመር ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው። ፍላሽ ደግሞ ከሰከንድ መቶኛም ያነሰ ነው። ውጤቱ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጨለማ የሆነ ፍሬም ነው። ሸተሩን ብናዘገየው ምስሉ ይደበዝዛል። የሠራልን እንዲህ ነው፦ የእውነቱን ፍላሽ ለድምፁ ብቻ ተጠቀምንበት። ለብርሃኑ ጠንካራ ኤልኢዲ በእጅ አብርቶ ወዲያው ማጥፋት፣ ሁለት ሦስት ፍሬም ያህል። ሙሉውን ፊቷን እኩል ያጥበዋል።

ፓስፖርቱን በተመለከተ የውሸት አላሠራንም፤ የመንግሥት ሰነድ ነው። የተዋናይቷን የራሷን ተጠቀምን፤ ተዘግቶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ስሟና ቁጥሯ ያለበት ገጽ አንዴም አይከፈትም።

ማምሻውን ካርዶቹ ሁለት ዲስክ ላይ ይገለበጣሉ፤ ዲስኮቹም ሁለት የተለያየ ቤት ያድራሉ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት 4ኬ ሲቀረጽ አንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ነው። ካርድ የሚጠፋው ሁለቱም ዲስክ ተከፍቶ ከታየ በኋላ ነው።

ታኅሣሥ መጨረሻ፦ የሪያዷ ድምፅ

ሪያድ ያለች የአክስት ልጅ አለች። አትታይም፤ ድምፅዋ ብቻ በኢሞ ይመጣል። አንዴ ትስቃለች፤ አንዴ ደክሟታል፤ አንዴ ስለ ላከችው ብር ትጠይቃለች። አንዴም ትሂጂ አትሂጂ አትልም።

መጀመሪያ ስቱዲዮ ውስጥ በጥሩ ማይክ ቀዳናት፤ ከዚያ ከ300 ኸርዝ በታችና ከ3400 በላይ ያለውን ቆረጥን፤ የድሮ ስልክ ድምፅ ማለት ነው። ሬዲዮ ድራማ መሰለ። ሁለተኛው ሙከራ ተዋናይቷ ከራሷ ቤት፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና በቴሌግራም የድምፅ መልዕክት እንድትልክ ነው። መተግበሪያው ራሱ ድምፁን ጨመቀው። ያንን በስልክ ስፒከር ክፍሉ ውስጥ አጫውተን በቡም ቀዳነው። አሁን ከቆርቆሮውና ከጭቃው ግድግዳ ጋር የተዋሃደ ድምፅ አለን። ብርድ ልብሱ የኔ ሐሳብ አይደለም፤ አሠሪ እንዳይሰማቸው እንደዚያ እንደሚደውሉ የነገረችን ከተመለሱት ሴቶች አንዷ ናት።

የክፍሉን ባዶ ድምፅ በየቦታው አንድ ደቂቃ ቀዳን። ርግቦች ቆርቆሮው ላይ ይሄዳሉ። ልናስወግደው አስበን ተውነው።

ጥር፦ ኤዲቲንግ

የምሠራው በነፃው የኤዲቲንግ ሶፍትዌር በዳቪንቺ ሪዞልቭ ነው። ላፕቶፑ 4ኬውን አልጎተተም። ሁሉንም ወደ ትንሽ ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ ብቻ የሚያገለግል ቀላል ቅጂ) ቀየርኩ፤ አንድ ሌሊት ፈጀ። ድምፅና ምስል በክላፕ (በቀረጻው መጀመሪያ በሚጨበጨበው ሰሌዳ) ተገጣጠመ።

የመጀመሪያው ቅንብር 19 ደቂቃ ወጣ። ብዙ ፌስቲቫሎች እስከ 40 ደቂቃ ያለውን አጭር ፊልም ይሉታል፤ ለፕሮግራም የሚቀለው ግን አጠር ያለው ነው። የተቆረጠው በአብዛኛው የመቅደስ ፊት ነው። በየትዕይንቱ መጨረሻ ክሎዝ አፕ ነበር፤ ስታስብ። አምስቱም አንድ ዓይነት ሆኑ። ሁለቱን አስቀርቼ በሌሎቹ ቦታ እጅ አስገባሁ፤ ብር የሚቆጥር እጅ፣ ሻንጣ ዚፕ የሚሞክር እጅ። ማሰቧ ይበልጥ ታየ።

ሙዚቃ ሞከርኩ። ክራር። የሚያምር ነው፤ ግን የሚያሳዝን ነገር እንደሚመጣ ቀድሞ ይናገራል። ተመልካቹ ሳይወስን ወሰነለት። አወጣሁት። ምጣዱ፣ ርግቦቹና ስልኩ በቂ ናቸው።

13 ደቂቃ ላይ ቆመ።

የካቲት፦ ሰፈር ውስጥ ማሳየት

ቤቱን ላከራዩን ሰዎች፣ ለጎረቤቶችና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አሳየን። ግድግዳ ላይ፣ በተዋስነው ፕሮጀክተር።

እናቶቹ ተቆጡ። ዘነበች ጨካኝ ሆናለች አሉ። «እናት ልጇን እንዲህ ትገፋለች?» ቃላቱን ደግሜ አየሁ፤ የምትገፋበት ቃል የለም። ችግሩ ቅንብሩ ላይ ነው። ብር ስትቆጥር ካየናት በኋላ ወዲያው ወደ መቅደስ እንቆርጣለን። ከመቁጠሯ በኋላ ያለው አይታይም። ጥሬ ቅጂው ውስጥ ከዕቁቡ ብር ላይ ትንሽ አንስታ ወደ መቀነቷ ስትመልስ የሚያሳይ ቴክ አገኘሁ። ተዋናይቷ በራሷ የጨመረችው ነው። አራት ሰከንድ ነው። ገባ። በሚቀጥለው ጊዜ ለሌሎች እናቶች ሲታይ ያ ጥያቄ አልተነሳም። በዚያ ቦታ አንዷ ሴት በረጅሙ ተነፈሰች።

ተማሪዎቹ የጠየቁት ሌላ ነው፤ ሄደች ወይስ ቀረች? አንድ ልጅ ፊልሙ አላለቀም ብሎ ተከራከረ። ጎኑ የተቀመጠችው ልጅ «ፎቶ ተነሳች እኮ፣ ሄደች ማለት ነው» አለች። ሌላዋ «ፎቶ መነሳት መሄድ አይደለም» አለቻት። ክርክሩ ፊልሙ ከፈጀው ጊዜ በላይ ቆየ። በመሃል አንዷ የራሷን ፎቶ ባለፈው ወር እንደተነሳች ተናገረች። ለሌላ ሰው ነግራ አታውቅም። እናቷም ክፍሉ ውስጥ ነበረች፤ ግን እዚያ አልተነጋገሩም፤ አብረው ወጡ።

ሁለቱን አማራጭ መጨረሻዎች፣ የምትሄድበትንና የምትቀርበትን፣ በወረቀት ጽፌ አስቀምጬ ነበር። ከዚያ ምሽት በኋላ ለመቅረጽ የያዝኩትን ቀን ሰረዝኩ።

የካቲት መጨረሻ፦ ከለር፣ ጽሑፍ፣ ፋይል

ከለር ላይ ብዙ አልነካሁም። ማድ ቤቱ ወደ ቢጫ፣ ፎቶ ቤቱ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የተዋንያኑ የቆዳ ቀለም በሁሉም ትዕይንት አንድ እንዲሆን ብቻ ጊዜ ወሰድኩ፤ በደካማ ብርሃን ጠቆር ያለ ፊት ወደ ግራጫ ይሄዳል፤ ትንሽ ሙቀት መመለስ ያስፈልጋል።

የመዝጊያው ስም ዝርዝር በአማርኛ ሲገባ አንዳንድ ፊደል ሳጥን ሆኖ ወጣ። ፎንቱ ሁሉንም የግዕዝ ፊደላት አልያዘም። ኖቶ ሰንስ ኢትዮፒክ ስቀይር ሁሉም ተነበበ። አቢሲኒካም ሠርቷል፤ ግን ቀጭን መስመሩ ፕሮጀክተር ላይ ይጠፋል።

የድምፅ ከፍታውን ለቴሌቪዥን ከሚፈለገው ከ−23 ሉፍስ (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) አስጠግቼ አንድ ቅጂ አወጣሁ፤ ለኢንተርኔት ሌላ ከፍ ያለ ቅጂ አለ። በስልክ ስፒከር ሳዳምጠው የሪያዷ ልጅ ድምፅ ጠፋ፤ ስልክ ውስጥ ያለ ስልክ ስለሆነ ነው። መሃለኛውን ድግግሞሽ ትንሽ ከፍ አደረግኩላት። ብዙ ሰው ፊልሙን የሚያየው በስልክ ነው።

የቀረው የሲኒማ ቅጂው ነው። ዲሲፒ (ሲኒማ ቤት የሚያጫውተው የፊልም ፋይል) በተለምዶ በ24 ፍሬም ነው የሚወጣው፤ የኛ 25 ነው። ወደ 24 ሲወርድ ፊልሙ 4 በመቶ ይዘገያል፤ ድምፁም ካልተስተካከለ ይወፍራል። በ25 የሚያጫውቱ ሲኒማ ቤቶች ስላሉ ሁለቱንም አዘጋጃለሁ። የድምፅ ባለሙያዋ የ24ቱን ቅጂ ድምፅ ይዛዋለች። የአረብኛው ሰብታይትል ደግሞ ጂዳ ኖራ በተመለሰች ሴት እጅ ነው፤ የአስቴርን ንግግር እያረመችው ነው።